አሰልጣኙን ተከትሎ መሄድ ወይስ መቅረት፦ የአንዲት ቀይ ቀበቶ ሰልጣኝ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ መሃል፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል የሚኖር አንድ ቤተሰብ በ2017 ዓ.ም. የገጠመውን ጥያቄ ከመነሻው እስከ ውሳኔው ይተርካል። ልጃቸውን ለስድስት ዓመታት ቴኳንዶ ያስተማረው አሰልጣኝ የነበረበትን ትምህርት ቤት ለቅቆ በሌላ ሰፈር አዲስ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ልጅቱ ትከተለው ወይስ ባለችበት ትቅር? ቤተሰቡን በጉርብትና የማውቅ የስፖርት መምህር በመሆኔ እናትየዋ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት አንስታ አማክራኛለች፤ በአብዛኞቹ ውይይቶችም ላይ ተገኝቻለሁ። በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ጉዳዩን የምጽፈው፣ ተመሳሳይ ጥያቄ በከተማችን በርካታ ወላጆችን ሲያስጨንቅና አብዛኛውን ጊዜ በይሉኝታ ብቻ ሲወሰን ስለማይ ነው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ትምህርት ቤቶቹንም በሰፈራቸው እንጂ በመጠሪያቸው አላነሳቸውም።

የጉዳዩ አመጣጥ

ጉዳዩ ሲነሳ ልጅቱ የ16 ዓመት ወጣትና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቴኳንዶ የጀመረችው በ10 ዓመቷ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከጥቁር ቀበቶ በፊት ባለው የመጨረሻ እርከን፣ በቀይ ቀበቶ ላይ ደርሳ ነበር። የምትሰለጥንበት አዳራሽ አራት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከቤቷም ሆነ ከትምህርት ቤቷ በእግር ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ትሰለጥናለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሕፃናቱ ሲሰለጥኑ ሰልፍ በማስያዝና አቋማቸውን በማስተካከል አሰልጣኙን ታግዛለች። ይህን የቅዳሜ ሥራዋን መጀመሪያ ላይ ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም። የ9 ዓመት ወንድሟም እዚያው ቢጫ ቀበቶ ነው።

አሰልጣኙ በሠላሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የሚገኝ የአራተኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ባለቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ግን የእሱ አይደለም፤ ያቋቋሙት በዕድሜ የገፉና እሱን ራሱን ከልጅነቱ ያሰለጠኑ ማስተር ሲሆኑ፣ እሱ በወርሃዊ ክፍያ ተቀጥሮ የማታውንና የቅዳሜውን ክፍል ይመራ ነበር። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በክፍያ ድርሻ ሳይስማሙ ቀርተው ተለያዩ። ከሁለቱ ማን ትክክል እንደነበር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ቤተሰቡም በዚህ ውስጥ ላለመግባት ገና ከመጀመሪያው መወሰኑ በኋላ ብዙ ነገር አቅልሎለታል። አሰልጣኙ በመጀመሪያ የፈለገው እዚያው አካባቢ አዳራሽ ለመከራየት ነበር። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለውን ሰፈር ሲለውጠው በአቅሙ የሚከራይ ቦታ ስላጣ፣ ሜክሲኮ አካባቢ አዳራሽ ካለው አንድ ሌላ ባለሙያ ጋር በሽርክና ሊሠራ ተስማማ።

አሰልጣኙ ለሰልጣኞቹ በግልጽ ተሰናብቶ፣ የሚፈልግ እንዲመጣ፣ የማይፈልግም በሰላም እንዲቀጥል ነግሯቸዋል። ጫናው የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ትልልቆቹ ሰልጣኞች በከፈቱት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር በስም እየተዘረዘረ፣ የቀሩት ከሃዲ እየተባሉ ይጻፍ ጀመር። ልጅቱ ለሁለት ሳምንታት ያህል ወደ አንዱም አዳራሽ ሳትሄድ ቤት ተቀመጠች። እናትየዋ እኔ ዘንድ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው።

ውለታው የማን ነበር?

እናትየዋ ገና ስትጀምር መልሱን ይዛ ነበር፤ ልጅቱ መከተል አለባት። ምክንያቷም ከባድ ነበር። ባለቤቷ በሞተ ማግሥት የቤቱ ገቢ ተናግቶ የልጆቹን ወርሃዊ ክፍያ መክፈል ባቃታት ጊዜ፣ አሰልጣኙ አንድም ቀን ሳይጠይቃት ለአንድ ዓመት ያህል ልጅቱን በነጻ አሰልጥኗል። በለቅሶው ጊዜ ሰልጣኞቹን ይዞ መጥቶ ድንኳን የጣለው እሱ ነው። «ይህን ሰው ዛሬ ባልከተለው ነገ እግዚአብሔር ይታዘበኛል» ነበር ያለችኝ። ይህን ስሜት የሚያቃልል ሰው በአገራችን የአሰልጣኝና የሰልጣኝ ግንኙነት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ በተለይ አባት በሌለበት ቤት አሰልጣኝ የሚሞላው ቦታ አለ፣ ልጅቱም ይህን ሰው እንደ ታላቅ ወንድም ታየው ነበር።

እኔ በበኩሌ ያቀረብኩላት አሳብ አንድ ነበር፤ ውለታ ይከፈላል፣ የሚከፈልበት መንገድ ግን ብዙ ነው፣ የልጅ የሥልጠና ዓመታት ደግሞ እናት ለራሷ ዕዳ የምትመልስበት ገንዘብ ሊሆኑ አይገባም። ልጅቱ መሄድ ያለባት ለእሷ የሚበጃት ከሆነ ነው፤ ምስጋናው ግን ሄደችም ቀረችም ለብቻው መድረስ አለበት። ይህንን ለመለየት እንዲያመቻት፣ ማንኛውም ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱንም ሰዎች ሄዳ እንድታመሰግን ሐሳብ አቀረብኩላት። ልጅቱን ይዛ በመጀመሪያ የሄደችው ወደ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ነበር፤ እዚያ የሰማችው ነገር የጉዳዩን መልክ ለወጠው።

ሽማግሌው ማስተር ሲናገሩ የዚያን ዓመት ክፍያ የተዉት እሳቸው ነበሩ። አሰልጣኙ የቤቱን ችግር ነግሯቸው፣ እሳቸውም ለማንም ሳይነገር እንድትቀጥል ፈቅደው ነበር። አሰልጣኙ የሰጠው ከራሱ ኪስ ገንዘብ ሳይሆን ምልጃና እንክብካቤ ነበር፤ ገንዘቡን የሸፈነው አዳራሹ ነው። በኋላ እሱ ራሱ ሲጠየቅ ይህንኑ ያለማመንታት አረጋግጧል፤ ደብቆ እንዳልነበርና ማንም ስላልጠየቀው እንዳልተናገረም ገልጿል። እናትየዋ ለዓመታት ለአንድ ሰው እከፍለዋለሁ ብላ የያዘችው ዕዳ የሁለት ሰው እንደነበር ስትረዳ፣ የውለታው ሚዛን ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን አቆመ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ልጅቱ በእውነት መነጋገር የቻልነው።

ሁለት ቴኳንዶዎች

አሰልጣኙ ለእናትየዋ «ቴኳንዶ ያው ቴኳንዶ ነው» ብሏት ነበር። ለጀማሪ ሰልጣኝ ይህ አባባል ብዙም ስህተት የለበትም። ለቀይ ቀበቶ ሰልጣኝ ግን በጣም ልዩነት አለው፤ ምክንያቱም የአራት ኪሎው ትምህርት ቤት የወርልድ ቴኳንዶ ሲሆን፣ የሜክሲኮው አዳራሽ ባለቤት ግን የኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ባለሙያ ነው። በአገራችን ሁለቱም ዘርፎች ብዙ ሰልጣኞች አሏቸው፤ ብዙ ወላጆች ግን ልጆቻቸው በየትኛው ውስጥ እንዳሉ አያውቁም።

የኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1966 በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ የተመሠረተ ነው። ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው አካል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ሴኡል ውስጥ ተቋቁሞ፣ ስፖርቱን እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ሙሉ የሜዳልያ ውድድር እስከማድረግ ደርሷል። ኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በሰለሞን ቱፋ አማካይነት በ58 ኪሎ ግራም ምድብ የተወዳደረችው በዚሁ ዘርፍ ነው። ልዩነቱ ግን ከድርጅት ስም አልፎ ወደ ሰልጣኙ እግርና እጅ ይወርዳል። በወርልድ ቴኳንዶ ውድድር ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፤ ደረት ላይ ያረፈ ቡጢ አንድ ነጥብ፣ ደረት ላይ ያረፈ ርግጫ ሁለት፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ ሦስት፣ ተዙሮ የተመታ ርግጫ ደግሞ እንዳረፈበት ቦታ አራት ወይም አምስት ነጥብ ያስገኛል፤ ደረትና ጭንቅላት ላይ ያረፈውን ርግጫ የሚመዘግበውም ኤሌክትሮኒክ መከላከያ ነው። በኢንተርናሽናሉ ግን ተወዳዳሪው የእጅና የእግር መከላከያ አድርጎ ፊትንም በእጁ መምታት ይችላል፤ ስለዚህ ልጅቱ ለስድስት ዓመታት ዝቅ አድርጋ የያዘችው እጅ በአዲሱ አዳራሽ በመጀመሪያው ቀን ያስመታታል።

የቅርጽ ልምምዱም፣ ማለትም በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራው የመምታትና የመከላከል እንቅስቃሴ፣ እንዲሁ ይለያያል። እሷ የተማረችው ቴጉክ ፑምሴ የሚባሉትን ስምንት ቅርጾች ነው፤ ኢንተርናሽናሉ ከቾን-ጂና ከዳን-ጉን የሚጀምሩ፣ ቁጥራቸው በቀኑ ሰዓታት ልክ 24 የሆኑ፣ ቱል የሚባሉ ቅርጾች አሉት፤ ሰውነትን ከፍና ዝቅ በማድረግ የሚሠራው አካሄዱም ከለመደችው ጋር አይገጥምም። የሥልጠና ልብሱ ዶቦክ እንኳን ሌላ ነው፤ የወርልድ ቴኳንዶው በአንገት የሚጠለቅ ሲሆን፣ የኢንተርናሽናሉ ከፊት የሚከፈት ነው፤ ስለዚህ አዲስ መግዛት ግድ ይላል። መስራቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ካረፉ በኋላ ፌዴሬሽኑ በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ አካላት ስለሆነ፣ አንድ ትምህርት ቤት የኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ነው ሲባል ከየትኛው አካል ጋር እንደተያያዘ ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል። እናትየዋ ይህንን ስትጠይቅ የአዳራሹ ባለቤት ወረቀቱን አውጥቶ አሳይቷታል፤ ያለምንም ቅሬታ ማሳየቱን እንደ መልካም ምልክት ወስጄዋለሁ።

የዳን ፈተናው

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነጥብ ነበር። ልጅቱ ለአንደኛ ዳን በየካቲት ወር ለመፈተን ከአራት ኪሎው ትምህርት ቤት ባለቤት ጋር ተስማምታ ተመዝግባ ነበር፤ የቀሯት ጥቂት ወራት ናቸው። በወርልድ ቴኳንዶ ዘርፍ ባለ ቀለም ቀበቶዎችን የሚሰጠው ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ቀይ ቀበቶዋ ከአራት ኪሎው አዳራሽ ውጪ የሚያስገድደው ሰው የለም፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሊቀበለውም ላይቀበለውም ይችላል። ጥቁር ቀበቶው ግን የተለየ ነው። የዳን የምስክር ወረቀት የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1972 ሴኡል ውስጥ በተከፈተው የቴኳንዶ ማዕከል በኩኪዎን ሲሆን፣ ከአራተኛ ዳን ጀምሮ ያለ ባለሙያ ሰልጣኙን ፈትኖ ማመልከቻውን ያቀርባል፤ ወረቀቱ ሲመጣ በሰልጣኙ ስምና የራሱ ቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ሰልጣኙ ከየትኛውም ትምህርት ቤት ቢወጣ ወረቀቱ የእሱ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ፑም የሚባለውን ደረጃ ይቀበላሉ፤ እሷ 16 ዓመት ስለሞላት በቀጥታ ለዳን ትፈተናለች፤ ለሁለተኛ ዳን ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት መጠበቅ አለባት።

አሰልጣኙ ራሱ የአራተኛ ዳን ባለቤት ስለሆነ በመርህ ደረጃ ወደፊት እሱ ሊያስፈትናት ይችላል የሚል አሳብ ተነስቶ ነበር። ስንጠይቀው ግን መልሱ ሐቀኛ ነበር፤ አዲሱ አዳራሽ በኢንተርናሽናሉ ሥር ስለተመዘገበ በዚያ ዓመት የኩኪዎን ፈተና ለማዘጋጀት ቃል መግባት እንደማይችል፣ በኢንተርናሽናሉ ዘርፍ ዳን ለመፈተን ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ቱሎች ጀምራ መማር እንዳለባትና ይህም ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚወስድ ነገረን። ስለዚህ በጥቅምት መሄድ ማለት ስድስት ዓመት የተደከመበትን ነገር በወራት ዕድሜ አቋርጦ መውጣት ነበር። አያትየዋ ይህን ስትሰማ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ብላ ነገሩን በአንድ ቃል ዘጋችው።

በበኩሌ የምስክር ወረቀት አምላኪ አይደለሁም፤ ጥሩ ሥልጠና ያለ ወረቀት ከመጥፎ ሥልጠና ከነወረቀቱ እንደሚሻል አምናለሁ። ነገር ግን አንድ ወጣት የጀመረውን ነገር እስከ መጨረሻው አድርሶ ማየቱ ለቀሪ ሕይወቱ የሚሰጠው ብርታት አለ፤ የአዋቂዎች ጠብ ይህንን እንዲቀማው ማድረግ ግፍ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

መንገዱና ጊዜው

በአራት ኪሎና በሜክሲኮ መካከል ያለው ርቀት በካርታ ሲታይ ረጅም አይደለም። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ግን ሌላ ነው፤ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ምናልባትም ፒያሳ ወርዳ ሌላ ታክሲ ተሳፍራ መድረስ፣ ምሽት 1 ሰዓት ጨርሳ ደግሞ በዚያው መንገድ መመለስ አለባት። በክረምት ጊዜ ዝናቡ ሲጨመርበት ቤት የምትገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ እንደሚሆን ገመትን። ከትራንስፖርቱ በተጨማሪ የአዲሱ አዳራሽ ክፍያ ከቀድሞው ከፍ ያለ ሲሆን የሦስት ወሩም በቅድሚያ ይከፈላል።

እናትየዋን የበለጠ ያስፈራት የትምህርቱ ነገር ነበር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጅቱ ፈተናውን የምትወስደው በ2018 ዓ.ም. ነው። በሳምንት ሦስት ምሽት ለጉዞ የሚባክነው ሰዓት ከጥናቷ ላይ እንደሚቀነስ ግልጽ ነበር፤ ስፖርቱ ራሱ ለጥናት ይረዳል የሚለውን እኔም እቀበለዋለሁ፣ ታክሲ ሰልፍ ግን አይረዳም።

ይህን ሁሉ ስንመረምር ወደ አዲሱ አዳራሽ ሄደን አንድ ሙሉ ክፍል ተቀምጠን አይተናል። ለማንኛውም ወላጅ የምመክረው ይህንን ነው፤ በተለይ ሴት ልጅ ያለው። ለሴቶች የተለየ የመቀየሪያ ክፍል አለ ወይ? በሩን የሚዘጋው የመጨረሻው ሰው ማን ነው? ምንጣፉ በሲሚንቶ ወለል ላይ የተነጠፈ ስስ ላስቲክ ነው ወይስ መውደቅን የሚችል? አንድ ሰልጣኝ ሲጎዳ ምን ይደረጋል? የአዲሱ አዳራሽ ምንጣፍ በጎ ነበር፤ የመቀየሪያ ክፍሉ ግን ገና በመጋረጃ የተከፈለ ስለነበር እናትየዋ ሳትሸፋፍን ተናግራ፣ በሁለት ወር ውስጥ በር እንደሚገጠምለት ቃል ተገብቶላታል። በዚያ ምሽት ያየሁት ሌላ ነገር ደግሞ አሰልጣኙ ከሸሪኩ ጋር ያለው ግንኙነት ነው፤ ሸሪኩ የሚያስተምረውን ቱል እሱም ከጀማሪዎቹ ጋር ተሰልፎ ይሠራ ነበር። አራተኛ ዳን የደረሰ ሰው እንደገና ለመማር ሳያፍር ማየቴ ስለ እሱ ያለኝን ግምት ከፍ አድርጎታል።

ልጅቱ ስትጠየቅ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ሁላችንም ትልልቆች ነን። እናት ስለ ውለታ፣ አያት ስለ ማታ መንገድ፣ እኔ ስለ ዳን ወረቀት ተናግረናል። ልጅቱን «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብለን ጠይቀናት ነበር፤ መልሷም «እንደፈቀዳችሁ» ነበር፤ በሥነ ሥርዓት ያደገች ልጅ ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ስለዚህ ጥያቄውን ለውጬ፣ በሁለት ሳምንቱ ዕረፍት ውስጥ ከሥልጠናው የትኛው ክፍል በጣም እንደናፈቃት ጠየቅኳት። እኔ ስፓሪንጉን (ከተጋጣሚ ጋር የሚደረገውን የፍልሚያ ልምምድ) ወይም ጓደኞቿን ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «የቅዳሜዎቹ ሕፃናት» አለች።

ቀስ በቀስ ሲወጣ ልጅቱ የምትፈልገው ተወዳዳሪ መሆንን ሳይሆን አሰልጣኝ መሆንን ነበር። የቀድሞ አሰልጣኟ አንድ የሚያለቅስ የአምስት ዓመት ሕፃን እንዴት እንደሚያባብል፣ የፈራውን ልጅ ሳያሳፍር እንዴት ከኋላ ወደ ፊት እንደሚያመጣው፣ ተንኮለኛውን ደግሞ ሳይጮህበት እንዴት ሰልፍ እንደሚያሲዘው ለዓመታት በዓይኗ ተከታትላለች፤ በአንድ አሮጌ ደብተር ላይም የሚጠቀምባቸውን ጨዋታዎች እየጻፈች ቆይታለች። በአራት ኪሎው ትምህርት ቤት በእሱ ፋንታ የመጣው አሰልጣኝ ጠንካራ የስፓሪንግ ሰው ነው፤ ለሕፃናቱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። እሷ ከአዲሱ ሰው ብዙ ርግጫ መማር ትችላለች፣ ማስተማርን ግን የምትማረው ከቀድሞው ነው።

ይህ መልስ ጉዳዩን ለሁለት ከፈለው። ለዳን ፈተናዋ የሚያስፈልጋት የአራት ኪሎው አዳራሽ ነው፤ ለምትመኘው ሙያ የሚያስፈልጋት የሜክሲኮው ሰው ነው። ለዚህኛው ደግሞ በሳምንት ሦስት ማታ መጓዝ አያስፈልጋትም፤ የሕፃናቱ ክፍል ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ በዚያ ሰዓት ታክሲውም አያስቸግርም።

በመጀመሪያ የታሰበው ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንድታስኬድ ነበር። ወደ ሽማግሌው ማስተር ሄደን በግልጽ ጠየቅናቸው፤ ፈቃደኛ አልሆኑም። በሌላ ትምህርት ቤት የሚያግዝ ሰልጣኝ በስማቸው ለዳን እንደማያቀርቡ ነገሩን። መጀመሪያ ላይ ከቂም ያመጡት መስሎ ታይቶን ነበር፤ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ፈርመው በሚያቀርቡት ሰልጣኝ ሥነ ምግባርና ሥልጠና ኃላፊ የሚሆኑት እሳቸው ስለሆኑ፣ ያስቀመጡት ደንብ ምክንያታዊ ነው። አሰልጣኙም ይህንኑ ሲሰማ እሳቸውን ደግፎ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ጋሼ ዘንድ ጨርሺ፤ ሕፃናቱ የትም አይሄዱም» አላት። ሊከተሉት የሚገባ አሰልጣኝ መሆኑን እኔ ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ አዳራሽ ከፍቶ ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው፣ አንዲት ጎበዝ ቀይ ቀበቶ ይዞ መሄድ ለስሙ ምን ያህል እንደሚጠቅም እያወቀ መልሶ ሰደዳት። ከቴሌግራም ቡድኑም ወጣ፤ ትልልቆቹ ሰልጣኞች በእሱ ስም ማንንም እንዳይዘልፉ ጠይቆ ነበር የወጣው።

ውሳኔውና የቀጠለው

ልጅቱ በኅዳር ወር ወደ አራት ኪሎው አዳራሽ ተመለሰች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቸጋሪ ነበሩ፤ ከእኩዮቿ አብዛኞቹ ስለሄዱ ስፓሪንግ የምታደርገው በዕድሜም በክብደትም ከሚበልጧት ወንዶች ጋር ነበር። አዲሱ አሰልጣኝም የቀድሞው ሰው ደጋፊ አድርጎ ስለገመታት ለጊዜው በጥርጣሬ አያት። እናትየዋ በዚህ ጊዜ ጣልቃ አልገባችም፤ ጥሩ አደረገች ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ልጅቱ ራሷ ከአሰልጣኙ ጋር ተነጋግራ እስከ የካቲት እዚያው እንደምትቆይ፣ ከዚያ በኋላ እንደምትሄድ ሳትደብቅ ነግራዋለች። ግልጽነቷን አክብሮ የፈተናውን ዝግጅት በሚገባ አሠርቷታል፤ በተለይ ተዙሮ የሚመታውን ርግጫዋን ከቀድሞው ይበልጥ ያሻሻለው እሱ ነው።

በየካቲት ተፈትና አለፈች፤ የኩኪዎን የምስክር ወረቀቷም በኋላ ደርሷታል። ከፈተናው ቀጥሎ ባለው ሳምንት እናትና ልጅ ሽማግሌውን ማስተር በክብር ተሰናብተው ምርቃታቸውን ተቀብለዋል። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ሸኝተዋታል ብል ማጋነን ይሆናል፤ ቅር ብሏቸው ነበር፣ ግን መርቀዋል። በድብቅ ከወጡት ሰልጣኞች ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከእነዚያ መካከል ጥቂቶቹ በጥቅምት ተያይዘው ሄደው፣ የማታው ጉዞ ሲከብዳቸው ከገና በፊት ያቋረጡ፣ ወደ አራት ኪሎው አዳራሽ ለመመለስ ደግሞ ያፈሩ አሉ። ዛሬ በየትኛውም አዳራሽ የማይሠለጥኑት እነሱ ናቸው፤ በጣም የሚያሳዝነኝም የእነሱ ነገር ነው።

ከመጋቢት ወር ጀምሮ ልጅቱ ቅዳሜ ጠዋት ሜክሲኮ ትሄዳለች። ሕፃናቱን ታግዛለች፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ቱሎቹን ከጀማሪ ጀምራ ትማራለች። ጥቁር ቀበቶዋን እንድትፈታ ማንም አልጠየቃትም፤ በኢንተርናሽናሉ ዘርፍ ለዳን ለመፈተን ግን እንደማንኛውም ሰልጣኝ ተራዋን ትጠብቃለች። የመቀየሪያ ክፍሉ በር ቃል በተገባው በሁለት ወር ባይሆንም ዘግይቶ ተገጥሟል። በ2018 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ስትገባ ቅዳሜውን ብቻ ይዛ፣ የሥራ ቀን ምሽቶቿን ለጥናት አውላለች፤ ጠዋት በግቢያቸው ውስጥ ስምንቱን ቴጉክ መሥራቷን ግን አላቆመችም።

ወንድሟ አራት ኪሎ ቀርቷል። እናትየዋ መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ አንድ ቦታ መላክ እንዳለባት ታስብ ነበር፤ ሲጤን ግን የእሱ ጉዳይ የእህቱ አይደለም። ገና ቢጫ ቀበቶ ለሆነ የ9 ዓመት ልጅ ከሁሉ የሚበልጠው ሳያቋርጥ መሄዱ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሄደው ደግሞ ቤቱ አጠገብ ያለው አዳራሽ ነው፣ ብቻውን በእግሩ ደርሶ መመለስ የሚችልበት። አዲሱ አሰልጣኝ ለትንንሾቹ እንደ ቀድሞው ባይሆንም እየተሻሻለ ነው፤ ሽማግሌው ማስተርም ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው ወደ አዳራሹ መውጣት ጀምረዋል። ልጁ በሚቀጥለው የቀበቶ ፈተና ለአረንጓዴ ይቀመጣል፤ እናትየዋ ያን ጊዜ ጥያቄውን እንደገና አንስታ ልትመረምረው ነው ያሰበችው።